የወይዘሮ ወይንሸት የኋላሸት ሕይወት፣ ላሞቻቸውና ሁለቱ ጾሞች

ወይዘሮ ወይንሸት ከአባታቸው ከአቶ የኋላሸት ገብረ መድህንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባፈና ወልዴ በ1953 ዓ.ም. ሳጉሬ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1972 ዓ.ም. መምህር በዛብህ ኃይሌን አግብተው አሰላ ገቡ። ከብዙ ስለት በኋላ አንዲት ልጅ፣ ናዝሬትን፣ አገኙ።

መምህር በዛብህ በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉ ወይዘሮ ወይንሸት በአንዲት ክልስ ላም ወተት መሸጥ ጀምረው ላሞቹን አራት አደረሱ። «ላሞቹ ካሉ ልጄ ዓረብ አገር አትሄድም» ይሉ ነበር፤ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ላሞቹን የሚያሰጋቸው ድብቁ የግት በሽታ ነበር። ግቱ አያብጥ፣ ወተቱም ለዓይን ምንም አይል፣ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚጨርሰው። የእንስሳት ሐኪሙ ሊበን ወተቱን ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ቀላቅለው የታመመችው ሲወፍር ያሳዩአቸው ነበር። የታመመችው ላም ግት ውስጥ መድኃኒት ከገባ ወተቷ ለቀናት ይደፋል። ስለዚህ ወይዘሮ ወይንሸት ሕክምናውን በየዓመቱ ለዐቢይ ጾም ያቆዩታል፤ ያኔ ክርስቲያኑ ደንበኛ ወተት ስለማይጠጣ ቢደፋም አይቆጫቸውም።

በ2016 ዓ.ም. ግን ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። ሦስት ላሞች ታመው ተገኙ። ጎረቤታቸው ሐጂ ከዲሮ ደግሞ የማፍጠሪያ ወተት ከእርሳቸው በቀር ከማንም አይወስዱም፤ ለቤተሰባቸው ሁሉ የአራተኛዋ ላም ወተት ብቻውን አይበቃም። ሊበን «እማማ፣ አሁን ካልታከሙ ግታቸው ይደነድናል» ቢሏቸው፣ «ጾመኛ ባዶ ጆግ ይዞ ከደጄ አይመለስም፤ ከዒድ በኋላ ና ልጄ» አሏቸው። ደግ ነበሩ፤ ግትርም ነበሩ።

ከዒድ በኋላ መድኃኒቱ ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አልያዘም። በሽታው በአላቢ እጅ ተላልፎ አራተኛዋም ተያዘች። በዓመቱ ውስጥ ሁሉም አንድ በአንድ ለሥጋ ተሸጡ። ናዝሬትም በመስከረም 2017 ዓ.ም. ኩዌት ሄደች። ሐጂ ከዲሮ ሕክምናው ለእርሳቸው ወተት ሲባል መቆየቱን ዘግይተው ሲሰሙ እያለቀሱ ጊደር ጎትተው መጡ። ወይዘሮ ወይንሸት «ለማን ብዬ ላሳድጋት?» ብለው መለሷት።

በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው አረፉ። ሐዘንተኞቹ እህታቸው ወይዘሮ በቀለችና እኛ የእህታቸው ልጆች ነን። ናዝሬትን አሠሪዎቿ አለቀቋትም፤ ይህ ሲነበብ የምትሰማው በስልክ ነው።

አምላክ ሆይ፣ የወይዘሮ ወይንሸትን ነፍስ ተቀበል፤ ልጃቸውንም በሰው አገር አትተዋት። አሜን።