አለሳልሼ ያደረስኩት ቃል

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ለአሠሪዬ ክኒናቸውን ሰጠሁ። ቁርስ አልነኩም። ቴሌቪዥኑ ያንኑ ያሳያል፤ ጃፓን፣ ባሕር የገባበት የኒውክሌር ጣቢያ፣ ጭስ። ባሽሙሃንዲስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። (እዚህ ግብፅ ኢንጂነርን እንዲህ ነው የሚጠሩት። ስሙ ረጅም ነው፤ ደብተሬ ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባ/ሙ ብያቸዋለሁ።) ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ዓይነት ጣቢያ ነው። ግብፅ በባሕሩ ዳርቻ ልትሠራ ነበር፤ ቼርኖቤል ሲፈነዳ ነገሩ ቀረ። ዘንድሮ እንደገና ተስፋ አድርገው ነበር።

ናድያ ገባች። አንድያ ልጃቸው ናት። ከታህሪር አደባባይ ሰልፍ አትጠፋም፤ ጣቢያው እንዳይሠራ ከሚቃወሙትም አንዷ ናት። ቴሌቪዥኑን እያሳየች፣ አሁንስ ምን ትላለህ አለቻቸው። ጮኹ። እሷም ጮኸች። ልብሷን እንኳ በቅጡ ሳትይዝ ቡላቅ አል-ዳክሩር ሰፈር ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ላለቅስበት ምክንያት አላጣሁም።

መጋቢት 9፣ ዓርብ

ቤቱ ጭር ብሏል። ባ/ሙ ካርታ ዘርግተው ጠሩኝ። የተወለዱበት መንደር ወንዙ ባሕር በሚገባበት ዴልታ ጫፍ ላይ ነው። የእናታቸው የጓቫ እርሻ ጨው ገብቶበት ደርቋል። ከሰልና ጋዝ በነደደ ቁጥር ዓለም ይሞቃል፣ ባሕሩ ከፍ ይላል፣ ዴልታው ይሄዳል፤ ጭስ የሌለው፣ ቀን ከሌት የማይቋረጥ ኃይል የኒውክሌሩ ነው፤ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ልጄ የምትዋጋው የእናቴን አፈር የሚያድነውን ነገር ነው፣ አሉ። ካርታውን ጠቀለሉ።

ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል፣ አታናድዷቸው ብሏል። ማን አለና ነው የሚያናድዳቸው?

መጋቢት 14፣ ረቡዕ

ለናድያ ልብስ ይዤላት ዶቂ ሰፈር የሜትሮ ባቡሩ መግቢያ በር ላይ አገኘኋት። ከስታለች። በረሃችን ሙሉ ፀሐይ ነው፣ ነፋስ አለን፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ መርዝ ለምን እንቀብራለን? ደግሞስ ሲዋሸን የኖረ መንግሥት ጣቢያው ቢያፈስ ይነግረናል? ባባ ይህን እስኪያምን አልመጣም፣ ንገሪው አለች።

ሁለቱም እውነት አላቸው መሰለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። አገር ቤት እኛ ሰፈር የጠፋ መብራት ሲመጣ ነው እልል የምንለው፣ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

አባቴ አስታራቂ ሽማግሌ ነበር። የተጣላ ሲያስታርቅ ከአንደኛው የሰማውን ክፉ ቃል ለሌላው አያደርስም፤ በቦታው ደህና ቃል ይተካል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ለባ/ሙ፣ ናድያ ደንግጣ ነው እንጂ ልክ ነዎት ብላለች አልኩ። ለናድያ በስልክ፣ ባባሽ ስለ ጣቢያው መጠራጠር ጀምረዋል፣ ናፍቀሻቸዋል አልኩ። ባ/ሙ የምስር ሾርባቸውን ጨርሰው ጠጡ። ደስ አለኝ።

መጋቢት 23፣ ዓርብ

ለምሳ መጣች። በር ላይ ተቃቀፉ፤ እኔ ወደ ማድ ቤት ሸሸሁ። ሞሎኪያ የሚሉትን የቅጠል ወጥ በዶሮ ሠርቻለሁ፣ በጾም ስለሆንኩ ጨውን ሳልቀምስ። ከምሳ በኋላ ባ/ሙ አንድ ወረቀት አወጡ። ለጋዜጣ የጻፉት ነው፣ ጣቢያው ይሠራ የሚል። ከስማቸው ሥር የእሷን ስም ጽፈዋል። ፈርሚ አሏት። ፊታቸው በርቷል።

አነበበች። እንዲህ ብዬ አላውቅም፣ ተጠራጠረ የተባልከው አንተ ነህ እንጂ፣ አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኛ አገር አስታራቂ እንዲህ ያደርጋል ልል ነበር፤ በዓረብኛ አልወጣ አለኝ። ናድያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ባ/ሙ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ማሌሽ፣ ግድ የለም አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 30፣ ዓርብ

ሆስፒታል ነኝ። ባ/ሙ ትናንት ወደቁ። ናድያ የኔን ስልክ አታነሳም። ጎረቤት ደወለላት፤ አሌክሳንድሪያ ናት፣ መንገድ ጀምራለች።

ትንሽ ሲነቁ እጄን ያዙ። ንገሪያት አሉ። ተሳስታለች፣ ዛሬም ተሳስታለች። ግን ቤቱ ቤቷ ነው፣ ቁልፉን አልቀየርኩም በያት።

ከቀኑ 8 ሰዓት። አረፉ። አልደረሰችም።

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን። ለእንግዶች ውሃ አዞራለሁ። ናድያ ከእጄ አትቀበልም።

እታለም ደወለች፣ በዕረፍት ቀኔ አይን ሻምስ ሰፈር ክፍል የምጋራት የአገሬ ልጅ። ኸላስ፣ በቃ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ፣ ሥራ አይጠፋም አለች። ከመውጣትሽ በፊት ግን ለልጅቷ፣ አባትሽ በመጨረሻ ልክ ነሽ ብለውሻል በያት፤ ማን ይመሰክርብሻል፣ እሷም ታርፋለች አለች።

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አታምነኝም። ደግ ደጉን ብቻ ይዤ ብሄድ የኔ ፈጠራ ነው የምትለው፤ አባቷን ታውቃቸዋለች። እሳቸው የተናገሩት መሆኑን የምታውቀው በክፉው ነው።

እንግዶቹ ወጥተዋል። ሳሎን ብቻዋን ተቀምጣለች። አሁን እገባለሁ። ባባሽ ተሳስታለች እንዳሉ ነው የሞቱት እላታለሁ፣ መጀመሪያ እሱን። ታልቅስ፣ ትጩህ፣ አላለሳልሰውም። ካላስወጣችኝ ስለ ቁልፉ እነግራታለሁ።