የምድር ቤቱ ሰውዬ ፊርማ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ዝናብ። መጋረጃ አጠብኩ፤ የት ላሰጣው? ነርሷ ሮሽኒ የምሸጠውን ቤቴን ልታይ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ማዕድ ቤቱ መሃል ቆማ ዙሪያዋን አየችና "እወስደዋለሁ" አለች። እፎይ!

ማታ ልጄ ኢሞጅን ከካርላይል ደወለች። ሕፃኑ ጥርስ አወጣ። "እማዬ፣ መቼ ነው ጠቅልለሽ የምትመጪው?" ለገና እዚያ ነኝ አልኳት። ምን አፈጠነኝ?

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

የሮሽኒ ባንክ እምቢ አለ። አፓርታማዬ የኔ ሆኖ የሚቆይበት ዘመን፣ ሊዙ፣ የቀረው ስድሳ ሁለት ዓመት "ብቻ" ስለሆነ አያበድርም። እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ስድሳ ሁለት ዓመት ምን አነሰው?

ጠበቃዬ ሚስ ፓርጂተር፦ "ሕጉ ዘጠና ዓመት ያስጨምርልዎታል። የሕንጻው ባለቤት ይፈርም እንጂ።"

ባለቤቱ ማን ይሆናል... ሌነርድ ኮቦልድ። ከእግሬ ሥር፣ ምድር ቤት የሚኖረው። ካነጋገርኩት ስድስት ዓመት ሆነኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ቀኑን ሙሉ ያ የፖም ዛፍ ነው በሐሳቤ የሚመላለሰው። ባሌ ቶም በእጁ የተከለው። ቶም በሞተ በወሩ ሌነርድ በመጋዝ ጣለው። ጓሮው የሱ ነው፤ ውሉ ላይ ተጽፏል። ቢሆንስ? "ለምን?" ስለው "መቆረጥ ነበረበት" ብሎኝ ገባ። በቃ። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ስንገናኝ ፊቴን አዞራለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ጠበቃዋ ደብዳቤ ላከችለት። መልስ የለም። ደገመች። የለም። ሬዲዮው ግን ከታች ይሰማኛል... አለ እንግዲህ። ሆን ብሎ ነው። ሊበቀለኝ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

"ለመልስ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል" አለች ሚስ ፓርጂተር።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ወራት።"

ሮሽኒ ከገና በላይ አትጠብቅም። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ድስት አሳረርኩ። ስልኬን ስፈልግ እጄ ላይ አገኘሁት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ወርጄ አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"ቤሪል።"

ከፈተ። ከስቷል። ሹራቡን ገልብጦ ነው የለበሰው።

"ደብዳቤዬን ለምን አትመልስም?" ጮህኩበት።

"የትኛው ነው ያንቺ?"

ከኋላው ጠረጴዛው ላይ የፖስታ ክምር። አንዱም አልተከፈተም!

"ዓይኔ መሃሉ ጠፍቷል፣ ቤሪል። ዳር ዳሩን ነው የማየው። ማንበብ ካቃተኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው።"

"ለሰው አትናገርም?"

"ለማን?"

ተቀምጬ አነበብኩለት። የራሴን ጠበቃ ደብዳቤ፣ በገዛ አፌ... "በሕግ እንጠይቅዎታለን" የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት።

"ቀጥይ እንጂ" አለ። "ማስፈራራቱ ላይ ጥሩ ታነቢያለሽ።"

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ክምሩን ጨረስን። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ሁለቴ አልፎታል። ደውዬ ሌላ አስያዝኩለት።

ከዚያ ዛፉን አነሳሁ። አልቻልኩም፣ አነሳሁት።

"ቶም ነው ቁረጠው ያለኝ" አለ። "ሆስፒታል ተኝቶ። ሥሩ የፍሳሽ ቱቦውን ፈንቅሎት ነበር። 'ለቤሪል እንዳትነግራት፤ መቃብሬ ድረስ መጥታ ትጨቀጭቀኛለች' አለኝ።"

"እና ስድስት ዓመት ስዘጋህ ዝም አልክ?"

"ቃል ገብቼ ነበራ።" ፖስታዎቹን እየሰበሰበ፦ "ደግሞ አንቺ ስታኮርፊ ማን ይደፍርሻል?"

እውነቱን ይሆን? አላውቅም... አነጋገሩ ግን የቶም ነው። ያ ፈሪ! ሳቅኩ። ወዲያው እንባዬ መጣ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ፈረመ! በራሱ ጠበቃ ፊት፣ የቤት ዋጋ ገማቹ ለማራዘሚያው ክፈይ ባለኝ ዋጋ። ጣቱን ይዤ መስመሩ ላይ አሳረፍኩለት። ሊዙ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆነ።

"ሲያልቅ ነይና እናድሰዋለን" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 20

ዕቃው ትናንት ሄደ። ፖስታውን በየሳምንቱ የሚያነብለት ሰው ከዓይነ ስውራን ማኅበር ተገኝቷል። ዛሬ ጠዋት ልሰናበተው ስወጣ ራሱ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ወደ ላይ ሲመጣ አገኘሁት።

"ከበላዬ ያለውን ቤት አንዴ እንኳን ገብቼ አላየሁትም" አለ።

ባዶዎቹን ክፍሎች በእጁ እየዳሰሰ ዞረ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ከዚህ ምን ይታያል?"

ነገርኩት። ባሕሩ ግራጫ ነው። አንዲት ሴት ውሻዋን ትጎትታለች፤ ውሻው አልሄድም ብሏታል። ራቅ ብሎ ጀልባ...

"ከጀልባው ወዲህስ?"

ነገርኩት። ደግሞ ጠየቀ። ደግሞ ነገርኩት።

ባቡሩ አመለጠኝ። ቁልፉን ለሮሽኒ አስረክቤ ይኸው ጣቢያ ተቀምጫለሁ፤ ቀጣዩ ገና ነው። የሚገርመው... አልተጣደፍኩም።

ኢሞጅን ደወለች። "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ቀረሽ?"

"ባሕሩን ስናይ።"

"ከማን ጋር?"

"ከጎረቤቴ ጋር" አልኳት።