ክሩን ባለቤቱ ያምጣ፦ የወይዘሮ ጥሩሸዋ ወዳጆ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆ ጫኔና ከእናታቸው ከወይዘሮ አያልነሽ ተክሌ በ1937 ዓ.ም. መንዝ፣ ከቀየት ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ነው። በጊዜው ሴት ልጅ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ስለማትላክ ፊደል አልቆጠሩም፤ በአሥር ዓመታቸው ግን ከበግ ፀጉር የሚሸመነውን ብርድ ልብስ፣ የባናን ጠርዝ መቀምቀም ከእናታቸው ተማሩ።

በ1954 ዓ.ም. ባና ሠሪውን አቶ አባይነህ ደመላሽን አግብተው ሸዋረግንና አንዷለምን ወለዱ። ባለቤታቸው ይሸምናሉ፣ እሳቸው ጠርዙን ይቀመቅማሉ። አቶ አባይነህ በ1985 ዓ.ም. ሲያርፉም መርፌያቸውን አላስቀመጡም። የፋብሪካ ለስላሳ ብርድ ልብስ እየተቆረጠ መሸጥ ሲጀምር እንኳ፣ ገዢው ጠርዙን የሚያስጨርሰው ከእሳቸው ዘንድ ነበር።

በኋለኛው ዘመናቸው ሕጋቸው አንድ ነበር፦ «ክሩን ባለቤቱ ያምጣ፤ ቀለሙንም ራሱ ይምረጥ።» አገሩ ኩራት ነው ብሎ ተቀበለው፤ ባለሙያ ቢኮራ ምን ይገርማል?

ዛሬ እውነቱን እንናገራለን። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዓይናቸው አያይም ነበር። ይህን የምታውቀው ልጃቸው ሸዋረግ ብቻ ናት፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው እንኳ አላወቅንም። የሸዋረግን ክንድ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጉልበታቸው የደከመ ይመስለን ነበር። «አታይም ከተባለ ሥራ የሚያመጣልኝ የለም፤ መርፌ ካጣሁ ደግሞ ምኑን ኖርሁት» ብለው አምለዋታል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ያመጣውን ክር በመርፌ እየሰካች በየብርድ ልብሱ ላይ ትተክልላቸዋለች። እሳቸው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየለኩ ይዘልቁታል። እንዴት እንደቻሉት ዛሬም አይገባንም።

የሳቱት አንዴ ነው። ሸዋረግ ታማ በተኛችበት ሳምንት ከሌላ ሥራ ክር እንደተሰካበት የተረፈ መርፌ አንስተው፣ ልትዳር የነበረችውን የወሰንየለሽን ጥቁር ባና በነጭ ክር ቀመቀሙት። ሸዋረግ ተነሥታ ስታየው ክው አለች፤ ሙሽራዪቱ ግን እልል አለች። ይኸው በሰፈራችን ሙሽራ ያለ ነጭ ጠርዝ አትዳርም።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ሲተኙ ሸዋረግን ጠርተው፣ «እውነቱ በቀብሬ ቀን ይነበብ፤ ሳላይ በሰው ልብስ ላይ እጄን ማሳረፌ በደል ከሆነ ይቅር በሉኝ» ብለው አዘዙ። ጥር 9 ቀን በሰማንያ ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ሦስት የልጅ ልጅ ልጆች ትተዋል።

ወገኖቻችን፣ ለይቅርታ ልመናቸው መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍኑና የለበሳችሁትን ባና ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት።

ጣታቸውን ዓይን ያደረገላቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። አሜን።