ደቂቃ የሚቆጥረው ገጽ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት አድርጓታል? መምህሩ ባለቤትሽ፣ ቀበጧ ልጅሽ፣ ትንሹ ጎረምሳሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ በጤናዬ በኩል ምንም አልል፣ አምላክ ይመስገን። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። የቀረውን ግን በስልክ እየሳቅሁ ስደብቅሽ ከረምኩና ዛሬ በወረቀት ልነግርሽ ተቀመጥኩ። ድምፅሽን ስሰማ መዋሸት ይቀለኛል፤ ወረቀት ላይ ግን እንቢ ይለኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ሐኪሙ ለእማዬ ጉልበት የሰጣትን የኦፕራሲዮን ቀጠሮ እንዳታሳልፉት። «ልጄ አጠገቤ ሳይቆም ቢላ አይነካኝም» እንዳለች አውቃለሁ። እመጣለሁ ያልኳት እኔ፣ ሁለት ቀጠሮ ያቃጠልኩባትም እኔ ነኝ። አልመጣም እትዬ። በዚህ ወር አልመጣም፣ መቼ እንደምመጣም አላውቅም። ይዘሻት ሂጂ። ከተቆጣችም በእኔ ላይ ትቆጣ።

ለምን እንደሆነ እንዲገባሽ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ «ኮምፒውተር ነው» ብዬ ነው ያለፍኩሽ። የምሠራው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ላይ እንሠራለን፣ አምስተኛው ላይ እንተኛለን። ሠላሳ ሁለት ሰዎች በእጅ የተጻፉ አሮጌ ፋይሎችን ፎቶ እያዩ በኮምፒውተር ይጽፋሉ። እኔ ማሽኖቹ እንዳይቆሙ እጠብቃለሁ። የታችኛው በር በካርድ ነው የሚከፈተው፣ ካርዱ ጥበቃው ዘንድ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ የአለቃው ፊርማ ያለበት ወረቀት ካላየ አይንቀሳቀስም። ፓስፖርታችን በአለቃው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ከአንድ ስንዝር በላይ አይከፈቱም፤ በእኔ በኩል የሚታየው የጎረቤቱ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ስመጣ የገዛሽልኝ ጫማ እስከ ዛሬ ሶሉ አዲስ ነው እትዬ። ደረጃ ከመውጣትና ከመውረድ በቀር የሚሄድበት የለውም።

አለቃችንን እኛ በመካከላችን «ቶሎ» ነው የምንለው። ከቋንቋችን የሚያውቀው እሷን አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ፈጠን በል» በእናንተ እንዴት ይባላል ብሎ ጠይቆ ተማራት፣ ከዚያ ወዲህ ጠዋትም «ቶሎ»፣ ማታም «ቶሎ» ነው።

ከሠራተኞቹ መካከል በዕድሜ ትልቋ እቴቴ የምንላቸው ሴት ናቸው። አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሲጽፉ ጣታቸው ዛሬም ዝናብ ነው። ዓይናቸው ግን ደክሟል፤ ስክሪኑን ሊያሸቱት የደረሱ ይመስል አፍንጫቸውን አስጠግተው ነበር የሚጽፉት።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ማሽኖቹን ስትከፍቺ ፊትሽ የሚመጣው ዴስክቶፕ፣ መስኮቶቹም ማውጫዎቹም፣ ከየአገሩ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ አይቶ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል። መምህሩ በትምህርት ቤቱ ያስገባውም ይኸንኑ ነው። በየስድስት ወሩ አዲስ ማሻሻያ ይወጣል፤ እኔም ምን ምን እንደተጨመረ የሚያትተውን ዝርዝር የዘመድ ደብዳቤ እንደደረሰው ሰው ተቀምጬ አነባለሁ። ከውጭ የሚመጣልኝ ሌላ ምን አለና።

የዘንድሮው ደስ የሚል ነበር። ፊደሉ ሳይደበዝዝ በጥቂት በጥቂቱ ይተልቃል። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ራሱ ይደረድርልሻል፤ ፎቶው በግራ፣ ጽሑፉ በቀኝ፣ ለእኛ ሥራ በልኩ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። የጻፍሽውን መልሶ የሚያነብልሽ ድምፅም እንደ በፊቱ ቆርቆሮ መሆኑ ቀርቶ የሰው ድምፅ መስሏል። ከዚህ በተረፈ አንድ አዲስ ገጽ አለ፤ በቀን ስንት ደቂቃ ስክሪን ላይ እንደቆየሽ ቆጥሮ በሥዕል ያሳይሻል፣ ሲበዛብሽ ደግሞ ስክሪኑን አደብዝዞ «ዓይንዎን ያሳርፉ» ይልሻል። የሠሩት ሰዎች ከሥሩ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ ይህ መዝገብ ከራስዎ ማሽን አይወጣም፣ ለእርስዎ ብቻ ነው።

በሁለት ቀን ሠላሳ ሁለቱም ማሽኖች ላይ ጫንኩት። ለእቴቴ ፊደሉን በልካቸው አተለቅሁላቸው፣ ማዳመጫ ሰጥቼም የሚያነበውን ድምፅ ከፈትኩላቸው። ሳቁ። «ስንት ዘመን ዳኛ እያነበበልኝ ስጽፍ ኖሬ፣ ዛሬ የጻፍኩትን የሚያነብልኝ አገኘሁ!» አሉኝ። የዚያን ዕለት ደረታቸውን ነፍተው፣ ቀና ብለው ተቀምጠው ሲጽፉ አየኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ቶሎ ገባ። አጋጣሚ ሆኖ ማሳረፊያው በሁሉም ስክሪን ላይ አንድ ላይ ወጣ፣ ሠላሳ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ቀና ብሎ ግድግዳ ማየት ጀመረ። «ምን ሆነው ነው?» አለኝ። አስረዳሁት። ሞኙ ወንድምሽ ኩራት ይዞኝ ያንን የሚቆጥረውን ገጽም ከፍቼ አሳየሁት። ዓይኑ እዚያ ላይ ተተከለ። ማሳረፊያውን አጥፋው፣ ቆጠራውን ተወው፣ የሁሉንም ቆጠራ ሰብስበህ ጠረጴዛዬ ላይ አምጣልኝ አለኝ። ለዚህ አልተሠራም፣ የየሰው የግሉ ነው አልኩት። «አንተ ግን ትችላለህ?» አለኝ። መሳቢያውን ሳበና ሦስት ጊዜ ያስገባሁትን የፈቃድ ማመልከቻ አውጥቶ ብዕር አስቀመጠበት። «ይህን ጨርስልኝና ያኔውኑ እፈርማለሁ» አለኝ።

ለእማዬ ስል ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩት። ላንቺ ግን አልዋሽም፤ በዚያች ደቂቃ በዓይኔ የመጣው የእማዬ ጉልበት አልነበረም። የታችኛው በር ነው። ሻንጣዬን ይዤ፣ ጥበቃው ካርዱን ሲያሳልፍልኝ፣ እኔ ስወጣ።

በሳምንት ጨረስኩት። ሥራ ሲያበቃ ከየማሽኑ መዝገቡን ለቅሞ አንድ ሰንጠረዥ ላይ የሚያሰፍር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስሞክረው አንድ ጉድለት አይቼበት ነበር፤ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ሥራ እንደፈታ ይቆጥራል። እቴቴ ድምፁ እስኪያነብላቸው ጣታቸውን አሳርፈው ያዳምጣሉ። ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ አለፍኩት። ኋላ ያልኩት ፊርማው ካለቀ በኋላ ማለቴ ነው፤ ቸኩዬ ነበር።

የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ሲወጣ እቴቴ መጨረሻ ሆኑ። ቶሎ በማግስቱ ምድር ቤት አወረዳቸው፤ አሮጌ ፋይል እየፈቱ፣ አቧራ እያራገፉ፣ የስቴፕለር ሽቦ መንቀል። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። መቀመጫ ትራሳቸውን ታቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ አየሁ።

እኔም ፊርማዬን ልቀበል ሄድኩ። ቶሎ ሳቀ፤ በክፋትም አልነበረም። «አንተ ከሄድክ ይህን ማን ይጠብቅልኛል? ካንተ ሌላ የሚያውቀው የለም» አለና ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሰው። የባሰብኝ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው። ወጥመዱን ሠርቼ፣ አሳምሬ፣ ራሴ ገባሁበት። በዚያው ሰሞን ነው እማዬ ደውላ «ቀጠሮዬ ደረሰ፣ መጣህ?» ስትለኝ «በሚቀጥለው ሳምንት» ያልኳት። ይቅር በሉኝ።

ቶሎ ፊርማውን በከለከለኝ በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ምድር ቤት ወረድኩ። እቴቴ አምፖል ሥር ተቀምጠው የስቴፕለር ሽቦ ይነቅላሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፕሮግራሙን፣ ያለፍኩትን ጉድለት፣ ፊርማውን። እጃቸው አላቆመም። ስጨርስ፣ «እኔ ፍርድ ቤት ሰው ሲናዘዝ ብዙ ጽፌያለሁ ልጄ። አብዛኛው ቀሎት ሊሄድ ነው የሚናዘዘው። አንተ ደግሞ ምን ልታደርግ መጣህ?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ መልስ ይዤ ተመለስኩ። የኔን ሥራ ላስተምርዎ አልኳቸው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «በዚህ ዓይኔ?» ፊደሉ ይተልቃል፣ ድምፁ ያነብልዎታል፣ የቀረው ጭንቅላት ነው አልኳቸው። ቶሎን ደግሞ፣ እኔ አንድ ቀን ብታመም ሰንጠረዡ ይቆማል፣ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል አልኩት። ከመቆም የበለጠ የሚፈራው ነገር የለም። ፈጣን ጸሐፊ እንዳትነካብኝ፣ ምድር ቤት ካሉት ውሰድ አለኝ። እቴቴ ትራሳቸውን ታቅፈው ተመልሰው ወጡ።

መጀመሪያ አብረን ያረምነው ያንን ጉድለት ነው፤ ማዳመጥም ሥራ ተብሎ ተቆጠረ። እሳቸው ግን በዚያ አልበቃቸውም። በምሳ ሰዓት ሰዉ መሐል ቆመው ምን እንደሚቆጠር፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሚያየው ለሁሉም ተናገሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ መሬት ብትሰነጠቅ ደስ ባለኝ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ሰላም አይለኝም። አልጋው ከአልጋዬ ጎን የሆነው ረጅሙ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። አልፈርድበትም። ሰንጠረዡም ዛሬም አለ እትዬ፣ ቶሎ በየጠዋቱ ይከፍተዋል። አጠፋሁት ብዬ ላኩራራብሽ አልችልም።

እቴቴ ግን ጉድ ናቸው። የተማሩትን ሁሉ በደብተር እንደ ችሎት መዝገብ ቁጥርና ቀን እየሰጡ ይጽፋሉ፤ መጨረሻው ላይ «ተፈጽሟል» ብለው ይፈርማሉ። ትናንት ዋናው ማሽን አልነሳም አለ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ታገሉት፣ ላብ በላብ ሆኑ፣ ደብተራቸውን ገለጡ፣ ተነሣ። ቶሎ ከኋላችን ቆሞ ያይ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አራተኛውን ማመልከቻ አስገባሁ። ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ በምትኬ ማን እንደሚሠራ በስም ተጽፏል፣ መርፌ ማስገቢያ የለውም። ቶሎ አነበበው። «ቶሎ» አላለም። «እናያለን» ብቻ አለኝና ጠረጴዛው ላይ ተወው። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ቤት የቆየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ አንቺንም ተስፋ አላስደርግሽም።

አንድ ነገር ከነከነኝና እቴቴን፣ እኔ ብወጣ እኮ የማይለቀቁት እርስዎ ሊሆኑ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ያን ጊዜ እኔም ሌላ ሰው አስተምራለኋ! ደግሞ ማስተማር ላንተ ብቻ ነው የተሰጠው?» አሉኝ።

በይ እንግዲህ። እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ። ከማደንዘዣው ስትነቃ የመጀመሪያዋ ቃል እኔን መስደቧ ነውና አንዲት ሳታጎድዪ ጽፈሽ ላኪልኝ። ለቀበጧ ልጅሽ፣ አጎቴ ማሽን ሁሉ ያዛል እያልሽ ለጓደኞችሽ እንዳታወሪ፣ እሱን የሚያዙት አንዲት አሮጊት ናቸው በያት። ትንሹን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ የሰፋልኝ ሱሪ እስከ ዛሬ አልተተረተረም በይልኝ። ለመምህሩ ደግሞ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ማሻሻያው ትምህርት ቤት ሲደርስ ያንን የሚቆጥረውን ገጽ ያገኘዋል። ለየሰው ለራሱ ይተወው። ርዕሰ መምህሩ የሁሉንም ሰብስበህ አምጣልኝ ካለው፣ አይቻልም ይበል። ውሸት ነው፤ ግን ይበል።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከማሽኖቹ ክፍል
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን