ከንብ እርባታ መጻሕፍት ጀርባ

ሰኞ፣ ግንቦት 4/89፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ላይብረሪ። ዛሬም ያው አንድ መጽሐፍ። ኮምፒውተርና ሌላ መሣሪያ በገመድ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያስረዳ ሌላ መጽሐፍ በዚህ ግቢ የለም፤ ሦስት ሳምንት ፈልጌ ተስፋ ቆርጫለሁ። አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት። ዝም። መጽሐፉ ደግሞ ከላይብ. አይወጣም፤ ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። ዛሬ ተቀደምኩ። የአባያ ሐይቅን ውሃ ከፍታ የሚለካው መሣሪያ ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ ካልላከልኝ ፕሮጀክት የለም። ፕሮጀክት ከሌለ ምርቃት የለም።

ምሳ ብቻዬን። የዶርም ልጆች ሦስቱም ያገር ልጆች ናቸው፣ በጋሞኛ ሲሳሳቁ እኔ፣ የደሴው ልጅ፣ ጣሪያ አያለሁ። ደጎች ናቸው፤ ሙዝ ይሰጡኛል፣ ከዚያ ወደ ወሬያቸው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

አደረግሁት። መጽሐፉን ከንብ እርባታ መጻሕፍት ጀርባ ሸጎጥኩት። እዚያ መደርደሪያ ማንም ዝር አይልም። ፈተና ሲደርስ ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ አንተም አትፍረድብኝ፣ ደብተሬ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተረጋግቼ ገለበጥኩ። ደስ ብሎኛል። ለማን ልንገር? ላንተ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ከተማ፣ ሲቀላ ወርጄ ሽቦ ገዛሁ፣ ገመዱን በየድኩት። አይሠራም። ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ኮተት ብቻ። የሚጠየቅ ሰው የለም። አማካሪዬ ራሱ ነገሩን አያውቀውም፤ በርታ ብሎኝ ሄደ። ዛሬ ድምፄን የሰማሁት አንዴ ነው፣ ዝንጀሮ ዳቦዬን ነጥቃኝ ስጮህ። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፣ ከምሳ በኋላ

የላይብ. ሠራተኛው ጋሽ ጦና ጠራኝ። ታወቀብኝ አልኩ። አይደለም። መጽሐፉን አይቼው እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነው። አስቴር የምትባል የጨንቻ ልጅ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ከረቡዕ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣች ትፈልገዋለች። ሰኞ የቀደመችኝም እሷ ናት።

እንዲህ አለኝ፦ «ታሳዝነኛለች። ስለ ገመዱ የምታጫውተው ሰው ስታጣ እኔን ታስረዳኛለች። እኔ ደግሞ ምን ይገባኛል፣ ልጄ?»

አላየሁም አልኩት። አመነኝ። ማመኑ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ላይብ. በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ። የሚያናግረኝ ሰው የለም እያልኩ ስንት ገጽ አለቀስኩብህ! ነበረች እኮ። ሳላውቃት መጽሐፏን ደበቅሁባት። አፈርኩ።

ቢሮ ብትከሰኝ ከምርቃት ሊያስቀሩኝ ይችላሉ። ዝም ብዬ ቦታው ልመልሰው? ማንም አያውቅም። ግን እንዲያ ካደረግሁ እሷም እኔን አታውቀኝም ማለት ነው።

ያው፣ መጣች። ቀጭን፣ ደብተሯን አቅፋ፣ ደረጃው ላይ ከኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ጦና «ደህና አደርሽ፣ አስቴር» ብሏት ቁልፉን እያወጣ ነው። መጽሐፉን ከንብ እርባታው ጀርባ አውጥቼ እጇ ላይ አስቀምጬ የት እንደነበረ፣ ማን እንደደበቀው እነግራታለሁ። ብትሰድበኝም ትስደበኝ፤ በዚህ ግቢ ስለዚህ መጽሐፍ ሊሰድበኝ የሚችል ሌላ ሰው የለም። በሩ ተከፈተ። ሄድኩ