ስድስት ጊዜ ብልጭ ያለው ቴሌቪዥን

ማክሰኞ

«እሷ ናት የሠራችው» አለ ጋሽ ደረጀ፣ የምሠራበት የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ባለቤት። ስሜን እንኳ አልጠራም፤ አገጩን ወደ እኔ ወርወር አደረገ፣ በቃ። ነገሩ የተበላሸው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት የተቃጠለ ቴሌቪዥን ነበር። ከዚያ በኋላ መቅደስ ያቃጠለችው ቴሌቪዥን ሆነ።

እትዬ ወርቄ ሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር። ቤቴል ሰፈር ቁርስ ቤት አላቸው። ቴሌቪዥኑን የባጃጅ ሹፌር ተሸክሞላቸው ገባ፤ የጀርባው ክዳን በአንድ ጎኑ ቀልጦ ተንጠልጥሏል። እሁድ የኳስ ጨዋታ እየታየ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ጢስ ወጣ። መጋረጃው ተያያዘ። አንዱ ጃኬቱን አውልቆ እየደበደበ አጠፋው። ከቴሌቪዥኑ ሥር ሕፃን የታቀፈች ሴት ተቀምጣ ነበር። እትዬ ወርቄ ይህን ሲያወሩ አልጮኹም። ዝግ ብለው አዩኝና «ሰው ልትጨርሺብኝ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አፌን ስከፍት ጋሽ ደረጀ «ዝም በይ» አለኝ። ዝም አልኩ።

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አልለውም።

አሁን የሆነውን ልጻፍ፣ ነገ እኔው ራሴ እንዳልጠራጠር። ቴሌቪዥኑን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አሮጌ ጠፍጣፋ ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ አሮጌዎች ሲታመሙ ይናገራሉ። ስክሪኑ ጨልሞ ከታች ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ትልና ፋታ ትወስዳለች፣ ከዚያ እንደገና። ብልጭታው ሲቆጠር የበሽታውን ስም ይሰጣል። በዚህ ሥሪት ሁለት ከሆነ የኃይል ቦርዱ ነው፣ ስድስት ከሆነ ከስክሪኑ ጀርባ ያሉት መብራቶች ናቸው። እኔ ደግሞ ልማድ አለኝ፤ ባለቤቱን አብሬ አስቆጥራለሁ። በኋላ «ዋሸሽኝ» እንዳይሉኝ ነው። እትዬ ወርቄን አስቆጠርኳቸው፤ ስድስት። በስልኬ ባትሪ ስክሪኑን በጎን አበራሁላቸው፤ የዜና አንባቢዋ ፊት ጭል ጭል እያለ ታየ። ምስሉ አለ፣ ብርሃኑ ነው የሌለው። የጀርባ መብራት እስኪገኝ ድረስ እንዳይነካ ብዬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

የሱቁ ሕግ ይህ ነው፦ የተቀበለ ሰው የስሙን መጀመሪያ ፊደል በማርከር ጀርባው ላይ ይጽፋል። ፊደሉ የማንም ይሁን፣ ጥፋቱ የዚያው ሰው ነው። ክዳኑ ግማሹ ቀልጧል። የኔ «መ» ግን ምንም አልሆነም።

ረቡዕ

ቢንያምን ልገለው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስና ዓርብ ዓለም ባንክ ሰፈር አክስቴ ቤት ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ቅዳሜ ስመለስ ቴሌቪዥኑ መደርደሪያው ላይ የለም። ስጠይቅ «ተሠርቶ ሄደ» ተባልኩ። መብራቱ መርካቶ ተገኘ ማለት ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ሳስበው፣ እኔ ሙሉ ሳምንት ፈልጌ ያጣሁት ዕቃ በሁለት ቀን ከየት መጣ?

ቢንያም የጋሽ ደረጀ የእህት ልጅ ነው። አብረን ነው የምንሠራው፤ ማለትም እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ስልኩን ይነካካል። ዛሬ ጠዋት ሱቁ በደንበኛ ሞልቶ ሳለ «ኢንጂነሯ፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጢስም ያስተምራል እንዴ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ካቻቢቴውን ይዤ «ዓርብ ዕለት ማን ነው የከፈተው?» አልኩት። ሳቁ ጠፋ። ወደ አጎቱ አየ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ። ይህ የጥፋተኛ ፊት ካልሆነ የማንም አይደለም።

ከሰዓት ጋሽ ደረጀ ውሳኔውን ነገረኝ። እትዬ ወርቄ ነገሩን ወደ ሕግ ሊወስዱት ነበር፤ የእድሩ ዳኛ ገብተው አብርደውታል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርስ ቤቱ ውስጥ ሽምግልና ይቀመጣል። እኔ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እሱ ሌላ ቴሌቪዥን ይሰጣል፣ ያልቃል። «ለሰላም ሲባል» አለኝ። ስለ ቃጠሎው ሁለት ቃል፣ ስለ ሰላም ደግሞ አንድ ሙሉ ስብከት።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ከኔ ጋር ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ታላቅሽ ነው። የአባትሽ ጓደኛ ነው። ዲግሪሽን ይዘሽ ደጅ ስትጠኚ ማን አስገባሽ? ብታጎነብሺ ወገብሽ አይሰበርም» አለች።

አይሰበርም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን እዚህ ኮልፌ ውስጥ የቴሌቪዥኑን ክዳን የሚያስከፍተኝ ማን ነው? ማጥፋቴ በራሴ አፍ ይነገራል፣ በሽማግሌ ፊት። «ያቺ ቁርስ ቤት ልታቃጥል የነበረችው» እየተባልኩ እኖራለሁ። የራሴን የጥገና ጠረጴዛ ልዘረጋ ነበር እኮ።

ሐሙስ

ቢንያም አይደለም።

ሱቁ ለምሳ ሲዘጋ ቀረሁና የተቃጠለውን ከፈትኩት። የጀርባ መብራቶቹ ያው አሮጌዎቹ ናቸው፣ ማንም አልቀየራቸውም። አንደኛው ረድፍ ከስሏል። የኃይል ቦርዱም ጠቁሯል። ከዚያ አየሁት። ስለ ብልሽቱ ለዋናው ቦርድ የምትናገረው መስመር ተቆርጣ በአጭር ሽቦ ወደ ሌላ ቦታ ተበይዳለች። ይህ ማለት መብራቱ ታሞ ሳለ «ደህና ነኝ» እንዲል ተደርጓል። ቀይዋ ብልጭ አትልም፣ ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ መከላከያ የለውም፣ እየጋለ እየጋለ ይሄዳል። መጨረሻው የእትዬ ወርቄ መጋረጃ ነው።

ብየዳውን በማጉያ መነጽር አየሁት። ቢንያም ሲበይድ ማስቲካ የተለጠፈ ይመስላል። ይህ ግን ትንሽ፣ ለስላሳ፣ እንደ እንባ ዘለላ የሚያበራ ነው። ሽቦው ቀጥ ብሎ፣ ጫፉ ተቆርጦ፣ ትርፍ የለው፣ ጭስ የለው። እንዲህ የሚበይድ አንድ እጅ ነው የማውቀው። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። «ብረቱን አታስጨንቂው፣ ራሱ ሲቀልጥ ይነግርሻል» እያለ።

ከዚህ ሁሉ የቃጠሎ ቆሻሻ መካከል ንጹሕ ሥራ ያ ብቻ ነበር። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ።

ዓርብ

ሱቁ ባዶ ሲሆን ጠብቄ ጋሽ ደረጀን ጠየቅሁት። ይክዳል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልካደም። ያናደደኝ ይህ ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ለእሁዱ ጨዋታ አድርሱልኝ ብላ ለመነችኝ። ድሮ ስንቱን እንዲህ አድርጌ ሸኝቼ ምንም አልሆነም።»

ታዲያ ለምን በኔ ላይ አላከኩት አልኩት፣ በአንቱታ።

«አንቺ ልጅ ነሽ መቅዲ፣ ላንቺ ይረሳልሻል። እኔ ነኝ ብል ይህ ሱቅ ሰኞ አይከፈትም። አንቺስ የምትበይው ከዚሁ አይደል?»

ላንቺ ይረሳልሻል! ሴት ልጅ ያቃጠለችውን ማን ረስቶ ያውቃል? ቢንያም ባለፈው ዓመት አንድ ስክሪን ረግጦ ሰበረ፤ «ልጅ ነው፣ ይማራል» ተባለ፣ ማንም አያነሳውም። እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ፊውዝ አቃጥዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይጠሩልኛል።

«እሁድ አልንበረከክም» አልኩት።

«ትንበረከኪያለሽ። እናትሽን አነጋግሬያለሁ» አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። ብረቱን ሳያስጨንቅ አንድ ነጥብ በየደ። ጎበዝ ነው እኮ። ምናለ ሰነፍ በሆነ።

ቅዳሜ

የሞቱ ቴሌቪዥኖች ከሚከመሩበት ጓዳ ከዚያው ሥሪት የሆነ የኃይል ቦርድ አገኘሁ። ጋሽ ደረጀ አየኝ፣ ምንም አላለም። ለእትዬ ወርቄ እንደ ካሳ የማዘጋጅላቸው መስሎት ይሆናል።

የተቃጠለውን ቦርድ አወጣሁ፣ ደህናውን ገጠምኩ። ያቺን ቆንጆ ብየዳ አቅልጬ ሽቦዋን አነሳሁ፣ የተቆረጠውን መስመር ቀጠልኩ። የኔ ብየዳ እንደሱ አያምርም። ይሁን። ስፒናውን ሰካሁ።

ብልጭ። ቆጠርኩ። ስድስት፣ ፋታ፣ ስድስት።

ጎሽ የኔ ልጅ አልኩት፣ ለቴሌቪዥን። መጀመሪያ ቀን የነገረኝን አልቀየረም። ሰው ሁሉ ቃሉን በቀየረበት ሳምንት።

የነገ ፍርሃቶቼ፦ ሽማግሌው ሳልናገር ያስጎነብሱኛል። እናቴ ታለቅሳለች። እትዬ ወርቄ መቁጠራቸውን ረስተውታል። ቢንያም ይስቃል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ልማዴ ነው፤ አንድ ሰው «ዝም በይ» ሲለኝ አፌ እሺ ይላል።

እሁድ

ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ቤቴል መብራት አልነበረም።

ቴሌቪዥኑን በባጃጅ ጭኜ ገባሁ። የእድሩ ዳኛ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ደረጀ ከጎናቸው፣ እናቴ ከበሩ አጠገብ፣ ቢንያም ቆሞ። አንድ ግድግዳ አሁንም ጥቁር ነው። ዳኛው ጸለዩ። ጋሽ ደረጀ ተነስቶ «ልጅ ናት፣ አጥፍታለች፣ እግራችሁ ሥር ነን» አለ፣ ድምፁን አሳዝኖ። ዳኛው በዓይናቸው ወለሉን አሳዩኝ።

«አባቴ፣ ከመጎንበሴ በፊት አንድ ነገር እንዲቆጥሩልኝ እፈልጋለሁ» አልኩ። «ግን መብራት እስኪመጣ እንጠብቅ።»

ጋሽ ደረጀ ምን ያስጠብቃል አለ። ዳኛው ግን ገረማቸው መሰለኝ፣ እንጠብቅ አሉ። ሻይ መጣ። ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ ስኳር ዋጋ ተወራ። እናቴ ነጠላዋን ትጠቀልላለች ትፈታለች። ቢንያም ዛሬ አልሳቀም። ሁለተኛው ሻይ ሲቀዳ አምፖሉ በራ፤ ፍሪጁ አጓራ።

ስፒናውን ሰካሁ። ስክሪኑ ጨለማ፣ ቀይዋ ብልጭ። ዳኛው ጣታቸውን እያጠፉ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ስድስት አሉ። አላመኑም፣ ደገሙት። ስድስት።

እትዬ ወርቄ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ያኔም ስድስት ነበር! ይቺ ልጅ አስቆጥራኛለች። በስልኳ አብርታ ዜና አንባቢዋን አሳይታኛለች፣ መብራቱ ሳይቀየር አይሠራም ብላኛለች።» ከዚያ ወደ ጋሽ ደረጀ ዞሩ። «ስወስደው ግን ብልጭ አይልም ነበር። ምን አደረግኸው ብልህ፣ ዝም አሰኝቼዋለሁ አላልከኝም? በእጅህ ያስረከብከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሽቦዋን ከኪሴ አውጥቼ ዳኛው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ። ይህች ነች ዝም ያሰኘችው አልኩ።

ጋሽ ደረጀ ሽቦዋን አያት እንጂ እኔን አላየኝም። «ጨዋታው እንዳያመልጥዎት ብዬ ነው» አለ፣ ለእትዬ ወርቄ። ለኔ የተባለ ነገር የለም።

ይበቃል ብዬ ነበር። አልበቃም። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እውነቱ ወጣ፣ እሱ ይክሳል። አንቺም ልጄ፣ ታላቅሽን ሰው ፊት አጋልጠሻልና ይቅርታ በይው» አሉ።

«እኔ ማንንም አላጋለጥኩም። የቆጠሩት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

አንድ ሰው ሳቁን ማፈን አቃተው። ዳኛው ተቆጡ፣ ምላሴን ረገሙ። እናቴ ቀድማኝ ወጣች፤ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እስከ ቤት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አልተንበረከክሁም።

ሰኞ

ሱቅ አልሄድኩም። ረፋድ ላይ ቢንያም መጣ፤ ቴስተሬንና ካቻቢቴዎቼን በፌስታል ይዞ። በር ላይ ቆሞ «ሲበይደው አይቻለሁ። አጎቴ ነው፣ ምን ልበል?» አለኝ። «ይህንኑ» አልኩት። ግባ አላልኩትም። ሲሄድ ሳየው ትንሽ አሳዘነኝ፣ በጣም ትንሽ።

እትዬ ወርቄ ደውለው ነበር። ጋሽ ደረጀ ሌላ ቴሌቪዥን ሰጥቷቸዋል፣ በሱ ግን እምነት የላቸውም፤ መጥተሽ እይልኝ አሉ። አሮጌውንም መብራቱ ሲገኝ እኔው እንድሠራው፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው አሉ። «ማንም» የሚለውን ጫን ብለው ነው የተናገሩት።

የምሠራበት ጠረጴዛ የለኝም። ሱቅ የለኝም። ሌላ ደንበኛ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ ዳኛው በሰፈሩ ምን ብለው እንደሚያወሩብኝም አላውቅም። እናቴ አሁንም አትናገረኝም። ከምሳ በኋላ ግን ከመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባውንና ዳንቴሉን አንስታ አሮጌ አንሶላ አነጠፈችበት። «እንዳታቃጥይው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

እንግዲህ ይህን ለራሴ ልጻፈው። ፊደሌን ጽፌበት ሌላ ሰው የሚከፍተውን ዕቃ አልቀበልም። ያልበየድኩትን ብየዳ የኔ ነው አልልም፣ የቱንም ያህል ቢያምር። አሳደግኩሽ፣ አስተማርኩሽ፣ እንጀራ ሰጠሁሽ እያለ የሚቆጥርልኝ ሰው፣ ይቁጠር፤ አንገቴን መድፋት ግን በሂሳቡ ውስጥ የለም። ከእንግዲህ «ዝም በይ» ሲሉኝ እሺ አልልም።