ለዘር የተያዘ በርበሬ

መርሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? የዝዋይ ንፋስ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ብነግርዎ ይቀለኝ ነበር፤ ግን የእማን ስም ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርኩ ይጠፋብዎታል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። ወደዚያው የሚወርደው የሥራ ባልደረባዬ አማኑኤል ያደርስልኛል።

በምሠራበት የዘር እርሻ በርበሬ ከበርበሬ አዳቅለን፣ ከሁለቱም ወላጆቹ የሚበልጥ ዘር ለማውጣት ስንለፋ ነበር። እናቲቱን ቶሎ አገኘናት፤ የእማ በርበሬ ናት፣ ያቺ አንቱ «የአይጥ ጅራት» እያሉ የሚስቁባት። ፍሬዋ ትንሽ ነው። ግን የጎረቤቱ ሁሉ በአጠውልግ በሽታ ሲደርቅ፣ እሷ ውኃ በተኛበት መሬት ቆማ ታፈራለች። የቸገረን አባት ነው። ፍሬው ትልቅና ቀይ የሆነውን ሁሉ ሞከርን፤ የሚወለደው ወይ ይጠወልጋል፣ ወይ ከእናቱ አይሻልም። ትልቅነት ብቻውን አይበቃም፤ ከእሷ ጋር የሚስማማው መገኘት አለበት።

ያኔ የአንቱ በርበሬ ትዝ አለኝ። ከግራና ከተማ ገበያ እስከ ወልድያ አጠያየቅሁ፤ ዘሩ ሁሉ ከሌላ ጋር ተደበላልቋል። ተስፋ ቆርጬ ለእማ አጫወትኳት።

«ነይ» አለችኝ።

ከማሽላው ባሻገር፣ ወንዙ ዳር ወሰደችኝ። የአንቱ በርበሬ በየመደቡ ቆሟል፤ ራሱ ነው፣ ረጅሙ፣ ጫፉ የሚቆለመመው።

«ከኔው ጋር እንዳይዳቀል ነው ወዲህ ያራቅሁት።»

«ለምን ያዝሽው?» አልኳት።

«መሬቱ ጦሙን ከሚያድር።»

የበርበሬ ዘር ሳይዘራ ብዙ ዓመት እንደማይቆይ ለአንቱ አልነግርም። አንቱ ከሄዱ ወዲህ በየክረምቱ ስትተክለው ኖራለች።

በእጄ አዳቀልኳቸው። የእሷን አበባ ሳይፈነዳ ከፍቼ፣ ወንዴውን ነቅዬ፣ የአንቱን ብናኝ ቀባሁበት። ዘንድሮ የበቀለው ሁለቱንም በለጠ፤ ከፍሬው ብዛት ቅርንጫፉ ድጋፍ ፈለገ፣ አጠውልግም አልደፈረውም። ሊያዩ ከመጡት ገበሬዎች ሙጃሂድ የሚባለው፣ «ከዚሁ ዘር እንያዝና ለከርሞ እንዝራው» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ከልጁ ዘር የያዘ ሰው ለከርሞ የሚያገኘው የተዘበራረቀ ነው፤ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ይኮሰምናል። በየዓመቱ ከሁለቱ ወላጆች እንደገና ማዳቀል ያስፈልጋል። ሁለቱም በሕይወት መቆየት አለባቸው።

እማ መደቡ ዳር ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ሰው ሲበተን ቀስ ብላ መጣች።

«የሱ በርበሬ በኔ እጅ ፍሬው እያጠረ ነው» አለች። «እሱ ለዘር የሚይዘውን ይመርጥ ነበር። እኔ ምርጫውን አላውቅበትም፤ ከሁሉም ነው የያዝኩት። ከየትኛው ፍሬ ይይዝ እንደነበር ጠይቂልኝ።»

አባ፣ ስለ አንቱ አንድ ቃል ስትተነፍስ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። በምን እንደተጣላችሁ ጠይቄ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠይቅም።

«እሺ፣ ማታ እደውልላቸዋለሁ» አልኳት።

ፊቷን ወደ በርበሬው አዞረች። «በስልክ አይታይም» አለች።

የወንዝ ዳሩ በርበሬ ቀልቷል። እስከ ኅዳር ሚካኤል እንዳይለቀም ብላለች።

ምርቃትዎ አይለየኝ። እግዜር ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ መንገዱንም ያቅናልዎ።

ልጅዎ
እየሩሳሌም ዓለምነህ